በቅርብ ቀን፦ በነቀምቴ መንገድ አዲስ አልበም ሲጠበቅ

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የአዲስ አበባ ወጣት ሕግ ተላልፎ ሸክላ አሳተመ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ግን በዘመናዊ ባንድ ታጅበው ለሚዘፍኑ ወጣቶች እምብዛም ግድ አልነበረውም። አምሃ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ደንበኞቹ የውጭ ሸክላ እየገዙ የአገራቸውን ዘፋኝ ሸክላ ሲጠይቁት ይሰማ ነበር። እናም የሚመጣው ይምጣ ብሎ ገባበት። ያሳተመለት የመጀመሪያው ዘፋኝ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር።

ዓለማየሁ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ፣ ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚያበጥር፣ ሮክ ኤንድ ሮልን ከአማርኛ ግጥም ጋር ያስማማ ድምፃዊ ነበር። ድምፁ አዲስ አበባ ተቀድቶ ቴፑ ሕንድ ይሄዳል፤ እዚያ በባለ 45 ዙር ሸክላ ታትሞ ተመልሶ ይመጣል። በሸክላው በአንዱ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን አለ፤ በቃ። ቴፑ ሄዶ ሸክላው እስኪመለስ ያለው ጊዜ የአድማጩ ነው። ዘፋኙን መድረክ ላይ ያየ ወይም በሬዲዮ የሰማ ሰው የሚወጣው ሸክላ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት የጀመረው በዚህ ክፍተት ነው። ሳክስፎኑ ይበዛበት ይሆን? ጊታሩ ይጎላ ይሆን? ሁለተኛው ፊት ላይ የሚኖረውስ የትኛው ዘፈን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ነቀምቴ ክፍተቱ ሌላ ጥበቃ ይጨመርበት ነበር። ዋና ከተማው የደረሰ ሸክላ አምቦን፣ ጌዶንና ባኮን አልፎ ወለጋ እስኪገባ ድረስ ዝናው ከራሱ ቀድሞ ይደርሳል። ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ወደ አንገር ጉቲን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኡኬ ደግሞ ከነቀምቴም በኋላ ናት። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወሬው ከዘፈኑ ይበልጥ ይወፍራል።

ወለጋ ግን ለአዲስ ድምፅ ባዳ አልነበረችም። ነቀምቴ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከስዊድን ወንጌላውያን ጋር የሠራው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር የኦሮሞን የቃል ሥነ ጽሑፍና ዜማ በመጽሐፍ አስቀምጧል። በኋላም በጥር 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ወለጋ ከዋነኞቹ መሠረቶቿ አንዷ ሆነች። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ደግሞ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ይተዳደር የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ስርጭት ጀመረ። በየቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን አለ፤ ብዙ ሆኖ በድምፅ ተከፋፍሎ መዘመር የተለመደ ነው። እንዲህ ያደገ ጆሮ ዘፈን ሲሰማ ዘፋኙን ብቻ አይሰማም፤ ከኋላ ያለውንም ይለያል። የአልበም ግምት ደግሞ ከዚህ ይጀምራል።

በዚያው ዘመን ከምሥራቅ ሌላ ጥያቄ መጣ። ድሬዳዋ ላይ በአፍረን ቀሎ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ያደገው አሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ ዘልቆ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠርቶ ነበር። በ1960ዎቹ የአፋን ኦሮሞ ዘፈኖቹ በዘመናዊ ባንድ ታጅበው በሸክላ ሲወጡ ለወለጋ አድማጭ ነገሩ ከአንድ ዘፋኝ ዝና በላይ ሆነ። ጊታርና ሳክስፎን የእሱን ቋንቋ ሊያጅቡ እንደሚችሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ስለሚመጣው ሥራ ሲገምት የባንዱን ስም ብቻ መጠየቅ አልበቃውም፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚዘፈንም መጠየቅ ጀመረ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 1967 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ለዓመታት የዘለቀ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ግጥም በሳንሱር ማለፍ ግዴታ ሆነ። አምሃ እሸቴ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አሳትሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሥራው ግን አልቆመም። በገበያው አሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው አሊ አብደላ ካይፋ ቦታውን ያዘ፤ በዚያው ዓመት የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አወጣ። ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ጊታሩና ቤዙ ከዘፋኙ እኩል ይናገራሉ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ አልበሞችን መልክ ከወሰኑት ሰዎች መካከል ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ አይቤክሶች በራስ ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው ዘፋኝ የሌለበት ሥራ ቀዱ። የድምፅ ባለሙያው ስዊድናዊ ነበር። ውጭ ቀይ ሽብር ሊጀምር በተቃረበበት ወቅት እነዚህ ወጣቶች ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኦርጋንና ሳክስፎን ብቻቸውን ምን ያህል መናገር እንደሚችሉ እየፈተኑ ነበር። ቴፑን ግን በጊዜው የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ሌላው አድማጭ አይቤክስ ራሱን ችሎ ቢወጣ ምን ይመስል እንደነበር በግምት ቀረ። ወደዚህ ቴፕ በኋላ እንመለሳለን።

ሸክላን የጣለው ካሴት ነው። ካሴት ርካሽ ነው፤ ከሁለት ዘፈን ይልቅ ሙሉ ሥራ ይይዛል፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በአውቶቡስ ሻንጣ ውስጥም አይሰበርም። ኤሌክትሪክ ባልገባበት ገጠር እንኳ አንድ ቴፕ ካለ መንደሩ ይሰማል። በሙዚቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ፎቶና «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስተር መለጠፍ ልማድ ሆነ። ያ ቅርብ ቀን ሦስት ወርም፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሳንሱር አለ፤ የባንዱ ተራ አለ፤ የባዶ ካሴት አቅርቦት አለ። አድማጩ ፖስተሩን አይቶ ይጀምራል፦ ያጀበው ማን ነው? ዜማው የማን ነው? ግጥሙንስ ማን ጻፈው?

በክፍለ ሀገር የሚሰማው ካሴት ግን ብዙ ጊዜ ዋናው አልነበረም። ዋናው ተገዝቶ ይመጣና ከቴፕ ወደ ቴፕ ይገለበጣል፤ ግልባጩም እንደገና ይገለበጣል። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፤ የጸናጽሉ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ድምፁ ሁሉ ይታፈናል። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ደግሞ ቴፑ ይዘገያል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው «ድራሙ ከበዳት» ያለውን ሥራ ነቀምቴ ያለው ሰው «ለስለስ ያለች ናት» ቢል ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ አልነበረም። ከሦስተኛ ግልባጭ ላይ የጠፋውን ድምፅ በሐሳብ መልሶ መሙላት የጆሮ ሥልጠና ሆነ። ዋናውን ካሴት ያገኘ ሰው በከተማው ውስጥ ክብር ነበረው፤ ክርክር ሲነሣ ዳኛው እሱ ነው።

በዚህ ዘመን ግምቱ ሁሉ በባንዶች ስም ይዞር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆኖ «ቸ በለው» የተሰኘውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አወጣ፤ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን የሚመራበት «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው። ዋልያሶች ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው ከገባ እስከ ንጋት አይወጣም፤ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኃይሉን ጨምሮ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። የዋልያስ ቀጣይ ሥራ ምን እንደሚመስል ሲገምት የነበረ ሰው ግምቱን ይዞ ቀረ።

አይቤክስ ደግሞ ሮሃ ባንድ ሆነ። ሮሃ ያጀባቸው አልበሞች ከ250 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ትርጉሙ ደግሞ ይበልጣል፦ በ1970ዎቹ አዲስ ካሴት የሚጠብቅ ሰው፣ ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሮሃን እየጠበቀ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ረቀቀ። ሮሃ እንደሚያጅብ ከታወቀ የሚቀረው ግምት በዚህኛው ሥራ ምን ያመጣል የሚለው ነው። የሰላም ሥዩም ጊታር መግቢያ ይሰጠዋል ወይስ ኪቦርድ ይበዛዋል? በዚያን ጊዜ ኪቦርድ እያሸነፈ ነበር። ብዙ ሰው የያዘ የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን ማስተዳደር ከበደ፤ አንድ ሲንተሳይዘር የሦስት ሰው ሥራ ሠራ። ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ኪቦርድ፣ የሪትም ማሽንና አኮርዲዮን ይዞ ብቻውን ካሴት ሠራ። አንድ ባንድ ወደ አንድ ሰው ጠበበ።

ግንቦት 1983 ላይ ደርግ ወደቀ። ሳንሱሩ ላላ፤ የሰዓት እላፊውም አበቃ። ለወለጋ አድማጭ ትልቁ ለውጥ የአፋን ኦሮሞ ካሴት መበራከቱ ነበር። ድሮ ከብዙ የአማርኛ ሥራ መካከል አንድ ይጠብቅ የነበረ ሰው አሁን የሚመርጠው በዛ። በዚያው ልክ ግን ግልበጣው ንግድ ሆነ፤ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው ሱቅ ሁሉ አሳታሚ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ካሴቱ ራሱ እየሞተ ነበር። ሲዲ መጣ፤ ሲዲውም ሳይደላደል ሚሞሪ ካርድ ተከተለ። በየከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒውተር ይዘው ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ወጣቶች በቀሉ። የአልበም ሽፋን ጠፋ፤ ከሽፋኑ ጋር የአጃቢውና የአቀናባሪው ስም ጠፋ። ዘፈኑ በስልኩ መስኮት ላይ «ትራክ 04» ሆኖ ቀረ። ያጀበው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ወረቀት አልነበረም።

በዚህ መካከል ነው ስለ አንድ የሮክ ባንድ ወሬ የተነሣው። ወሬው አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ተከበው በአማርኛ ሮክ ሊጫወቱ ነው የሚል ነበር። ስማቸው ጃኖ ነው። ከኋላቸው የነበረው አዲስ ገሠሠ የዚጊ ማርሊ ማኔጀር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። አልበሙን እንዲሠራ የተጠራው ቢል ላስዌል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮክኢት»ን የሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም ያዘጋጀ አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋችና ፕሮዲውሰር ነው። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሐሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ ድምፃውያኑ ሆኑ።

የዚህ ጥበቃ ግምት ከሮሃ ዘመኑ የተለየ ነበር። ድሮ ባንዱ ይታወቃል፣ ዘፋኙ ይገመታል። አሁን ባንዱ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። አንዱ ወገን የላስዌልን ስም ይዞ ቤዙ ከባድ፣ ጥላው ጥቁር የሆነ ድምፅ ይጠብቃል። ሌላው የውጭ ሰው ስለገባበት ቅኝታችን ይጠፋል ብሎ ይፈራል። ሦስተኛው ደግሞ የሮክ ጊታርና የኢትዮጵያ ቅኝት አምስት ድምፅ ላይ ስለሚገናኙ ጭራሽ የሚያጣላቸው ነገር የለም ይላል፤ ማስረጃውም ያው የአይቤክስ ጊታር ነው። በሙዚቃ ጉዳይ የሦስተኛው ክርክር ጠንካራ ነበር። ብሉዝና ሮክ የሚመላለሱበት ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ለትዝታ ጆሮ ሩቅ አገር አይደለም። የሚለየው የድምፁ ግርፋትና ክብደት ነው።

በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ» ወጣ። በአፋር ያለውን ሕያው እሳተ ገሞራ ስሙ ያደረገ አልበም የተፈራውንም የተጠበቀውንም ያህል ጮኸ። አድማጩ ተከፈለ። አንዳንዱ ከዓመታት ኪቦርድ በኋላ እውነተኛ ድራምና ጊታር በመስማቱ ተደሰተ፤ ሌላው ጩኸት በዛ አለ። ለዚህ ፍርድ አንድ ያልተነገረለት ምክንያት አለ። አልበሙን አብዛኛው የክፍለ ሀገር ወጣት የሰማው በሞባይል ስልክ ድምፅ ማጉያ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ ቤዙና የድራሙ እግር ይቀሩና የጊታሩ ጩኸት ብቻውን ይወጣል። ላስዌል ደግሞ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ሥራው የሚቆመው በቤዙ ላይ ነው። ሮክ ጩኸት ነው ያለው ሰው የሰማው ግማሹን ነበር። የካሴት ግልባጭ ድምፁን ሲያፍነው የጎደለውን በሐሳቡ የሚሞላ ትውልድ ነበር፤ የስልኩ ትውልድ ግን የጎደለውን የሚያውቅበት ዋና ቅጂ በከተማው አላገኘም።

ከ«ኤርታሌ» በኋላ ሁለተኛውን ሥራ መጠበቅ አምስት ዓመት ያህል ወሰደ። ለአንድ ባንድ ይህ ረጅም ነው። ዘፋኝ አንድ ሰው ነው፤ ጥሩ ዜማ ካገኘ ይወጣል። ባንድ ግን ልምምድ፣ መሣሪያ፣ ስቱዲዮና ደመወዝ የሚፈልግ ብዙ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ የአድናቂዎቹ ግምት በሁለት ጎራ ነበር፤ ይለሰልሳሉ ወይስ ይከብዳሉ? በ2010 ዓ.ም. «ለራስህ ነው» ሲወጣ ጃኖ የሮክ ጊታሩን ሳይተው ወጣ፤ ሁለተኛ አልበም ማድረሱም ራሱ መልስ ነበር።

በወለጋ ያለው ወጣት ግን በእነዚያው ዓመታት ይበልጥ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነበረው። የአምቦው ሃጫሉ ሁንዴሳ የመጀመሪያ አልበሙን «ሰኚ ሞቲ»ን ያዘጋጀው ከወጣትነቱ አምስት ዓመት ያህል በወሰደበት እስር ቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛው «ዋኤ ኬኛ» እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ከዚያ በኋላ ነጠላ ዜማዎች መጡ፤ ሦስተኛው አልበም ግን ዘገየ። በነጠላው ዜማ ላይ ተነሥቶ ስለ ሙሉው አልበም መገመት የዚህ ዘመን ልማድ ነው። «ማላን ጂራ» እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ አልበሙ በዚህ የሐዘን ድምፅ ይቀጥላል ያሉ ነበሩ፤ «ጂራ» እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከተል ግምቱ ተገለበጠ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ጥበቃውን ከሙዚቃ አወጣው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ በብዙ አካባቢ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የስልክ አገልግሎትም በዋና ዋና ከተሞች ተወሰነ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት መጨረሻ ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ የተለቀቀ ዘፈን ነቀምቴ የሚደርሰው እንደገና በአውቶቡስ፣ በፍላሽ ዲስክ ሆነ። ሰኔ 22 ቀን ሃጫሉ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2013፣ «ማል መሊሳ» የተሰኘው አልበሙ ወጣ። ስለ ድምፁ ሲገምቱ የኖሩ አድማጮች መልሱን ሲያገኙ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም።

የቆዩ ጥያቄዎች ደግሞ በሌላ በኩል መመለስ ጀምረው ነበር። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ የኖረው ኃይሉ መርጊያ፣ የ1985ቱ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃኖ ሁለተኛውን አልበም ባወጣበት ዓመት፣ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በራስ ሆቴል የተቀዳው የአይቤክስ ቴፕ በሸክላ ታትሞ ወጣ፤ ከተቀዳ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። አይቤክስ ብቻውን ቢወጣ ምን ይመስላል ብሎ የገመተ የ1960ዎቹ ወጣት አሁን ከሰባ ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነው፤ መልሱ ግን ደረሰው። ቤዙና ጊታሩ «ኧረ መላ መላ» ላይ እንደጠረጠራቸው ነበሩ።

ይህን ሁሉ ዓመት አድማጩ ሲገምት የሠራውን ሥራ በስሙ የጠራለት የለም። በአገራችን የሙዚቃ ሂስ የሚጽፍ ጋዜጣም መጽሔትም ጥቂት ነው። ሂሱ የነበረው በዚህ ግምት ውስጥ ነው። ያልወጣ አልበም ምን እንደሚመስል ለመናገር የወጣውን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ያጀበው ማን እንደነበር፣ ኪቦርዱ ሳክስፎኑን መቼ እንደተካ፣ ጊታሩ የትኛውን ቅኝት እንደያዘ። ከዋናው ከተማ ርቆ፣ ከተገለበጠ ካሴትና ከስልክ ማጉያ እየሰማ ይህን የለየ አድማጭ ሥራውን በትጋት ሠርቷል። አሁን ከሙዚቀኛውና ከአሳታሚው የሚጠበቀው ቀላል ነው፦ ከሽፋኑ ጋር የጠፋውን ስም በስልክ መስኮት ላይ ይመልሱ። ቤዙን ማን እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረና የት እንደተቀዳ ተጽፎ ከወጣ፣ የሚቀጥለውን አልበም ነቀምቴና ኡኬ ሆኖ የሚገምተው ወጣት ከወሬ ሳይሆን ከዕውቀት ይነሣል።